ቢተሩ ቅራሪ የሆነው ሆፕ አንሶት አይደለም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ለንደን ነው። ቢራ በቤቴ መጥመቅ ከጀመርኩ ዓመት ሊሆነኝ ነው። እስካሁን የጠመቅኳቸው ሁሉ ሆፕ (እንደ ጌሾ ቢራን የሚያመርረው አበባ) የበዛባቸው፣ ኢፒኤ የሚባሉ መራራ ቢራዎች ናቸው፤ ጓደኞቼም ወደዋቸዋል። በቅርቡ ሰፈሬ ያለው ፐብ በእጅ ፓምፕ እየሳበ የሚቀዳውን ዓይነት የእንግሊዝ ቢተር አማረኝና አንድ አሠራር አግኝቼ ጠመቅኩ። ለ20 ሊትር 40 ግራም ጎልዲንግስ ሆፕ አንድ ሰዓት ይቀቀል ይላል፤ ስላላገኘሁ ቤት የነበረኝን ሲትራ የሚባል ሆፕ በዚያው ልክ ጨመርኩ። እርሾው የለመድኩት ዩኤስ 05 ነው። በሃይድሮሜትር (የጭማቂውን ስኳር በክብደቱ በሚለካው መሣሪያ) ከ1.040 ተነሥቶ 1.007 ላይ ቆመ። ጠርሙስ ስሞላ እንደ ወትሮዬ በሊትር 7 ግራም ስኳር አደረግኩ። ከፍሪጅ አውጥቼ ስቀምሰው ምላስ ይቆነጥጣል፣ ይመራል፣ ግን ደግሞ ቅራሪ ነው፤ ውሃ ውሃ ይላል። ጓደኞቼ ‹ሆፕ ጨምርበት› አሉኝ። የእንግሊዝ ባህላዊ ቢራ ድሮውንም ለብ ያለና ጋዝ የሌለው ነው ይባላል፤ ዘመኑ ያለፈበት ነገር ነው ልተወው? ወይስ በሆፑ ፋንታ ጌሾ ባደርግበት ይሻላል?»

ምላሽ፦ ሆፕ አይጨምሩ። ቢራዎ ላይ ከሚገባው እጥፍ በላይ ሆፕ አለ።

ሆፕ በግራም አይተካም። ሲቀቀል ምሬት የሚሰጠው አልፋ አሲድ የሚባለው ነገር ነው፤ ጎልዲንግስ ውስጥ ከ4 እስከ 6 በመቶ ይገኛል፣ ሲትራ ውስጥ ከ11 እስከ 13። አሠራሩ ላይ ያለው 40 ግራም ጎልዲንግስ በ20 ሊትር ውስጥ አንድ ሰዓት ሲፈላ በአይቢዩ መለኪያ ወደ 25 የሚጠጋ ምሬት ይሰጣል። እርስዎ የጨመሩት 40 ግራም ሲትራ ግን 60 ገደማ ይሰጣል። ሲትራው ግዴታ ከሆነብዎ 17 ግራም ይበቃዎት ነበር። 60 የሆነ ምሬት ከ1.065 በተነሣ ኢፒኤ ላይ ቢሆን ብቅሉ ይሸከመዋል። 1.040 ላይ ግን የሚያርፍበት ትከሻ የለውም።

«እንዲህ እየመረረ እንዴት ቅራሪ ይሆናል?» የሚለው ግራ መጋባትዎ ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ከሆፑ ሳይሆን ከሌሎቹ ሦስት ነገሮች ነው። ዩኤስ 05 ስኳሩን ጠርጎ የሚበላ፣ ከራሱ የሚጨምረው ጣዕም የሌለው የአሜሪካ እርሾ ነው፤ 1.007 ላይ የወረደ ቢራ ውስጥ ምላስ የሚይዘው ነገር አልቀረም። በሊትር 7 ግራም ስኳር ደግሞ ፐቡ ከሚቀዳልዎ ቢያንስ በአንድ እጥፍ ተኩል የበለጠ ጋዝ ይፈጥራል፤ ጋዙ ቢራው ውስጥ ሲሟሟ አሲድ ስለሚሆን ቁንጥጫው ከዚያ ነው የመጣው። በዚህ ላይ የፍሪጅ ቅዝቃዜ የብቅሉንና የእርሾውን ጣዕም ያፍንና ምሬቱን ብቻ ያስቀራል።

ይህን ለማረጋገጥ አዲስ መጥመቅ አያስፈልግዎትም። ከቀሩት ጠርሙሶች ሁለቱን ያውጡ። አንዱን ፍሪጅ ውስጥ ይተዉት። ሌላውን ከፍተው ከአንድ ትልቅ ብርጭቆ ወደ ሌላው እያገላበጡ አሥር ጊዜ ያህል ያፍስሱት፤ ቡና ሲበርድ በስኒ እንደሚገለበጠው ማለት ነው። አረፋው ይነሣል፣ ጋዙ ይሄዳል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው 12 ዲግሪ ሲደርስ ከፍሪጁ ጋር አወዳድረው ይቅመሱት። ምሬቱ አይጠፋም፤ ቁንጥጫው ግን ይለቃል፣ ከሥሩም የዳቦ ቅርፊት የመሰለ የብቅል ጣዕም ብቅ ይላል። ያን ጣዕም ነው ፐቡ ውስጥ የወደዱት።

«ለብ ያለና ጋዝ የሌለው» የሚባለው ስም ማጥፋት ነው። ካስክ ኤል፣ ማለትም በርሜሉ ውስጥ እርሾው በሕይወት እያለ የሚሸጠው ቢራ፣ የሚቀዳው ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ምድር ቤት ነው። ቀዝቅዞ ከሚጠጣው ላገር ቢራ ጋር ሲነጻጸር ሞቅ ያለ ይመስላል እንጂ የክፍል ሙቀት አይደለም። ጋዙም አለ፤ ቀላል ነው እንጂ። ፐብ ውስጥ በእውነት ለብ ያለና የሞተ ብርጭቆ ከቀረበልዎ የተበላሸ ነውና ይመልሱት። የተከፈተ ካስክ በሦስት ቀን ማለቅ አለበት፤ አየር ስለሚገባው እንደ ቆየ ጠላ ይኮመጥጣል። ጠላ ሲጠመቅ ባየበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። እንግሊዞቹ ግን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ተጣርቶና እርሾው በሙቀት ተገድሎ በጋዝ ግፊት በሚቀዳው ቢራ ሊተኩት ስለነበር፣ በ1971 ካምራ የሚባል የጠጪዎች ማኅበር አቋቁመው ነው ያተረፉት።

ሌላው መታረም ያለበት፣ ባህላዊ ማለት ሆፕ የሌለው ማለት አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በርተን አፖን ትሬንት ከተማ እየተጠመቀ ወደ ሕንድ ይላክ የነበረው ኢፒኤ ሆፕ በብዛት የሚፈስበት ነበር፤ ቢተር የሚለው ስም ራሱ ጠጪዎች ከለስላሳው ማይልድ ለይተው የጠሩበት ነው። የቀጠነው በኋላ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እህል ሲቆጠብ የእንግሊዝ ቢራ አማካይ መነሻ ከ1.050 አካባቢ ወደ 1.030 አካባቢ ወረደ፤ ከጦርነቱ በኋላም ወደ ቦታው አልተመለሰም። ጠማቂዎቹ ታዲያ በቀጭን ቢራ ላይ እንዴት ጣዕም እንደሚቆም ተማሩ። ዛሬ ቢተር የምንለው ያ ሙያ ነው፤ ሦስት አራት ብርጭቆ ተጠጥቶ ጨዋታ የማያቋርጥ፣ አልኮሉ 4 በመቶ አካባቢ የሆነ መጠጥ። የዘመኑ ጉሽ ኢፒኤ ደግሞ በመጀመሪያው ጉንጭ ማንጎውንና ፓሽን ፍሩቱን ሁሉ አውጥቶ ያሳያል። አንዱን በሌላው መስፈሪያ መለካት ነው እርስዎንም ጓደኞችዎንም ያሳሳተው።

«ቅራሪ» ያሉት ቃል ግን ደስ አሰኝቶኛል፤ እንግሊዞቹም ቅራሪ ነበራቸውና። ከመጀመሪያው ጭማቂ ጠንካራውን ቢራ ይጠምቁና ያንኑ ብቅል ዳግም በውሃ አጥበው ስሞል ቢር የሚባለውን ቀጭን ያወጡ ነበር፤ ልጁም ሠራተኛውም የሚጠጣው እሱን ነበር። የለንደኑ ፉለርስ ደግሞ ከአንድ ብቅል የወጣውን ወፍራምና ቀጭን ጭማቂ በተለያየ መጠን እያደባለቀ ኢኤስቢና ለንደን ፕራይድ የሚባሉትን ቢራዎቹን ያወጣ ነበር። ማለት የፈለግኩት፣ ቅጥነት በራሱ ጥፋት አይደለም። ጣዕም የሌለው ቅጥነት ነው ጥፋቱ፤ እሱን የሚሞላው ደግሞ በመጀመሪያ እርሾው ነው።

የእንግሊዝ እርሾ ሥራውን ሳይጨርስ የሚተኛ ሰነፍ ነው። ለዚህ ቢራ በጎነቱም እሱ ነው። ትንሽ ስኳር ትቶ ይሄዳል፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ጠረን ያወጣል (እንደ ማርማላታ፣ አንዳንዱ እንደ ዕንቁ ፍሬ)፣ ከዚያ እንደ አይብ ረግቶ ሥሩ ይቀመጣል፤ ቢራውም ሳይጣራ ጥርት ይላል። ደረቅ እርሾ ከፈለጉ ኤስ 04 በየጠማቂ ዕቃ መሸጫው አለ፣ ዋጋውም አይከብድም። ፈሳሹን መግዛት ከቻሉ ዋይስት 1968 ወይም ዋይት ላብስ 002 ይውሰዱ፤ ሁለቱም የለንደን ዓይነት ናቸው፣ ልዩነቱም ከመጀመሪያው ብርጭቆ ይታወቅዎታል። በ18 ዲግሪ ይጀምሩት፣ ከሁለተኛው ቀን በኋላ ወደ 20 እንዲወጣ ይተዉት፣ ፍላቱ ሲበርድ ቸኩለው ወደ ጠርሙስ አይሂዱ። እነዚህ እርሾዎች ቅቤ ቅቤ ወይም የቅቤ ከረሜላ የሚል ጠረን ይፈጥራሉ፤ ሦስት ቀን ሙቀቱ ላይ ከተዋቸው መልሰው ይበሉታል። ጥቂት ቢቀር ለዚህ ቢራ ነውር የለውም፤ ብርጭቆውን ሲያነሡ ንጥር ቅቤ የሚሸትዎ ከሆነ ግን ቸኩለዋል።

እርሾው ቀድሞ ስለሚተኛ አንድ አደጋ አለው። 1.016 ላይ ቆሞ ያለቀ ይመስልና ጠርሙስ ውስጥ ሲነቀነቅ ተነሥቶ ሥራውን ይቀጥላል። የታሸገ ጠርሙስ ውስጥ የሚቀጥል ፍላት ጠርሙሱን እንደ ቦምብ ያፈነዳዋል፤ የመስታወት ስባሪ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ አይቻለሁ። ስለዚህ የሃይድሮሜትሩ ቁጥር ሦስት ቀን በተከታታይ ሳይለወጥ ካላዩ አይሙሉ። ከ1.013 በላይ ከቆመብዎ ዕቃውን ቀስ አድርገው ዞር ዞር ያድርጉትና አተላውን ያስነሡት፤ አየር እንዳይገባው ግን አይክፈቱት።

ስለ ውሃ። የለንደን ውሃ ኖራ የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ይዩት። ፖርተር ለሚባለው ጥቁር ቢራ የተመቸ ውሃ ነው፣ ከተማዋም በፖርተር የታወቀችው ያለ ምክንያት አይደለም። ፈዛዛ ብቅል ላይ ግን ምሬቱን ሻካራ ያደርገዋል፤ የእርስዎ ቢራ ላይም ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። ለ28 ሊትር ውሃ 5 ግራም ለምግብ የሚሆን ጂፕሰም ጨምረው ሩብ ሰዓት ያፍሉት፣ ያሳድሩትና ከሥሩ ያለውን ነጭ ዝቃጭ ትተው ከላይ ይቅዱት። ጂፕሰም የበርተንን ውሃ ዝነኛ ያደረገው ማዕድን ነው፤ ምሬቱን ጥርት አድርጎ በቶሎ ይቋጨዋል። ግማሽ የካምደን ታብሌትም ይፍጩበት፤ ክሎሪኑን ያጠፋዋል፣ አለበለዚያ ቢራው የክሊኒክ ጠረን ይዞ ይወጣል። (ታብሌቱ ስሙን ያገኘው ከለንደኑ ካምደን ሳይሆን ቺፒንግ ካምደን ከምትባል የግሎስተርሺር ከተማ ነው።) ሊድስ ወይም ማንቸስተር የሚኖር አንባቢ ውሃው ለስላሳ ስለሆነ ማፍላቱን ይዝለለው፤ ጂፕሰሙና ታብሌቱ ይበቁታል።

አሁን ወደ ጠመቃው። ለ20 ሊትር 3.2 ኪሎ ማሪስ ኦተር ብቅልና 200 ግራም መካከለኛ ቀለም ያለው ክሪስታል ብቅል ይያዙ። ማሪስ ኦተር በ1960ዎቹ ካምብሪጅ ውስጥ የተዳቀለ የገብስ ዝርያ ነው፤ ገበሬው በምርት የሚበልጡትን ስላገኘ ትቶት ነበር፣ ያቆዩት ጠማቂዎቹ ናቸው። ዋጋው ትንሽ ይወደዳል፤ በዚህ ቢራ ግን ሳንቲም የሚቆጠብበት ቦታ እሱ አይደለም። የተከካውን ብቅል በ10 ሊትር 73 ዲግሪ ውሃ ይድፈድፉት፤ ሲቀላቀል 66 ላይ ይረጋል። ጉብታ እንዳይቋጥር እንደ ገንፎ እያማሰሉ ነው ውሃው የሚጨመረው። ሸፍነው አንድ ሰዓት ይተዉት፣ ከዚያ በቀረው 18 ሊትር 76 ዲግሪ ውሃ አጥበው ጭማቂውን ያውጡ። ወደ 25 ሊትር ያገኛሉ፤ ሲቀቀል 20 ላይ ይገባል።

መቀቀል ሲጀምር 40 ግራም ኢስት ኬንት ጎልዲንግስ፣ ሊያበቃ 10 ደቂቃ ሲቀረው ሌላ 20 ግራም። ሁለቱ ተደምረው ወደ 30 አይቢዩ ይሰጡዎታል። ከሁለተኛው ሆፕ ጋር 250 ግራም ጎልደን ሲረፕ (ወፍራም የስኳር ሽሮፕ) ይጨምሩ፤ የሱፐርማርኬቱ ነው። «ስኳር ማጭበርበር ነው» የሚል ጠማቂ ያጋጥምዎታል፤ አይስሙት። የእንግሊዝ ጠማቂዎች ከ1847 ጀምሮ በሕግ ተፈቅዶላቸው ስኳር ይጠቀማሉ፤ ቢተሩን ቀለል አድርጎ ሁለተኛውን ብርጭቆ የሚያስጠራው እሱ ነው። ከዚህ መጠን በላይ ግን አያስፈልግም። መነሻው 1.040 ይሆናል፣ በኤስ 04 1.010 አካባቢ ይቆማል፣ አልኮሉም 4 በመቶ ገደማ ይሆናል።

ሆፑን ሲገዙ ዓመተ ምርቱን ያንብቡ። እንግሊዝ በ1878 ከ70 ሺህ ኤከር በላይ ሆፕ ታለማ ነበር፤ ዛሬ የቀረው ከዚያ ጥቂት በመቶው ነው። ገዢው ሁሉ ወደ ሲትራና ሞዛይክ ስለሮጠ ጎልዲንግስና ፋግል መደርደሪያ ላይ ይከርማሉ። የመጀመሪያ ቢተሬን የጠመቅኩት ስስ ላስቲክ ውስጥ ሁለት ዓመት በቆየ ፋግል ነበር፤ ሻጩ «ሆፕ አይበላሽም» ብሎኝ። ከረጢቱ ሲከፈት የቆየ አይብና የተወለቀ ካልሲ ሸተተኝ፤ ተቀቅሎ ይለቃል ብዬ ጨመርኩት፣ አልለቀቀም። ጤነኛ ጎልዲንግስ የደረቀ ሣር፣ ማርና ጥቂት ቅመም ይሸታል። አርጅቶ ቢጫ ከሆነው አረንጓዴው ይሻላል፣ ቫኪዩም ከታሸገ ደግሞ ይበልጣል።

ጠርሙስ ሲሞሉ በሊትር 3 ግራም ስኳር ብቻ፣ ለ20 ሊትሩ 60 ግራም ማለት ነው። የለመደ እጅዎ «አነሰ» ይልዎታል፤ አይታዘዙት። ሁለት ሳምንት ክፍል ሙቀት ላይ ይቆይ፣ ከዚያ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ። ፍሪጅ ውስጥ ካስቀመጡት ከመጠጣትዎ 40 ደቂቃ ቀድመው ያውጡት። በጠርሙስ ፋንታ ቧንቧ ያለው 5 ሊትር ሚኒ ኬግ ወይም ቢራው ሲቀዳ የሚጨማደድ ፖሊፒን የሚባል ከረጢት ቢጠቀሙ ወደ ካስኩ ይበልጥ ይቀርባሉ፤ ግን ዘመድ ጎረቤት ተጠርቶ በቀናት ውስጥ የሚያልቅ ሲሆን ብቻ ነው የሚያዋጣው። በሁለቱም ቢሆን ልክ እንደ ፐቡ አይወጣልዎትም፤ ቢራ ቤቶቹ ለአሥርት ዓመታት የያዙት የራሳቸው እርሾ አላቸው፣ የእጅ ፓምፑም አረፋውን በራሱ መንገድ ይሠራዋል። ዘጠኝ አሥረኛው መንገድ ግን ወጥ ቤትዎ ውስጥ ይኬዳል። ለራስዎ እስከሆነ ድረስ በብሪታንያ ከ1963 ወዲህ ፈቃድ አያስፈልግም፤ መሸጥና ማጣራት፣ ማለትም አረቄ ማውጣት፣ ሌላ ሕግ ነው፣ አይንኩት።

ጌሾውን በሚመለከት። ሐሳቡ የሚያስቅ አይደለም። ሆፕ ከባሕር ማዶ፣ ከዛሬዎቹ ቤልጅየምና ኔዘርላንድስ በኩል፣ እንግሊዝ ውስጥ የተለመደው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት «ኤል» የሚባለው ሆፕ ያልገባበት ነበር፤ በየቤቱ የሚጠምቁትም በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ፣ እንደ እኛው ጠላ። ይሁን እንጂ ጌሾ የሆፕ የቅርብ ዘመድ አይደለም፣ ምሬቱም በሌላ መንገድ ነው የሚወጣው። የሆፕ ምሬት እንዲወጣ መቀቀል ግድ ነው፤ ጌሾ ግን ጥንስሱ ውስጥ ተነክሮ ምሬቱን ቀስ እያለ ይለቃል። ምሬቱን በቁጥር አስልቶ የሚነግርዎ አሠራር አይኖርም፤ ከሐበሻ ሱቅ የሚገዙት ቅጠልና እንጨትም ከረጢት በከረጢት ይለያያል። ከሁሉም በላይ ሳይቀቀል ስለሚገባ የራሱን ረቂቅ ተሕዋስያን ይዞ ይገባል። ለሳምንት በሚጠጣ ጠላ ይህ ችግር የለውም፤ ለወራት በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ግን ወይ ይኮመጥጣል ወይ ይፈነዳል። ሞክሬዋለሁ፤ የወጣልኝ ደኅና ጠላ እንጂ ቢተር አልነበረም። መሞከር ካሰኘዎት ሆፕ ያልገባበት ሁለት ሊትር ጭማቂ ለብቻ ያስቀሩ፣ ጥቂት ቅጠል ይንከሩበት፣ ክዳኑን ሳያጠብቁ በሳምንቱ ይጠጡት።

ሆፕ የለመዱት ጓደኞችዎ ባዶ እጃቸውን እንዳይሄዱ መሐለኛ መንገድ አለ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ እንግሊዞች ጎልደን ኤል የሚሉት ፈዛዛ፣ ቀለል ያለ፣ የሆፕ ጠረኑ ጎላ ያለ ቢራ አለ። ከላይ ካለው ክሪስታሉን ያውጡ፣ የመጀመሪያውን 40 ግራም ጎልዲንግስ እንዳለ ይተዉ፣ እሳቱን ሲያጠፉ 20 ግራም ሲትራ ይጣሉበት። ሲትራዎ ያለ ጸብ የሚገባበት ቦታ እዚያ ነው።

ግን እሱን ሦስተኛ ያድርጉት። መጀመሪያ ቢተሩን ሳይነካኩ በኤስ 04 ይጥመቁ። ቀጥሎ ያንኑ ብቅል፣ ያንኑ ሆፕ፣ ያንኑ ውሃ ይዘው እርሾውን ብቻ በዋይስት 1968 ይቀይሩ፤ ይህ ቶሎ ስለሚተኛ ድፍድፉን ከ66 ወደ 65 ዲግሪ ዝቅ ያድርጉለት። ከመጀመሪያው ስድስት ጠርሙስ ደብቀው ያቆዩ። ሁለቱን ጎን ለጎን 12 ዲግሪ ላይ ቀድተው ለነዚያ «ሆፕ ጨምርበት» ላሉዎ ጓደኞች ያቅርቡ፣ የትኛው ሆፕ እንደበዛበትም ይጠይቋቸው።